አይሞትም የተባለው ዓሣ

ጥቅምት 3፣ እሑድ

የማገገሚያው አማካሪ «ቤተሰብም ይጻፍ» ብላ ይህን ደብተር ሰጠችን። ባለቤቴ ሳትገልጠው ወደ እኔ ገፋችው። «አንተ ጻፍበት፤ እኔ ያለኝን በአፌ እናገራለሁ» አለች። እኔስ ምኑን ልጻፍ? መኪና መንዳት የማስተምር ሰው ነኝ። ቀኑን ሙሉ ተማሪ አጠገብ ተቀምጬ «ቀስ! ቀስ በል እያልኩህ! መስታወት እይ!» ስል እውላለሁ። ቤት ስገባ የተረፈኝ ቃል የለም።

«የተሰማችሁን ጻፉ» ነው ያለችው። የተሰማኝ የወገብ ሕመም ነው።

ልጃችን ዛሬ ከማገገሚያው ደወለ። እዚያ ስልክ የሚፈቀደው እሑድ ከሰዓት ብቻ ነው። ስለ ምግቡ ጠየቅኩት፤ ደህና ነው አለ። ስለ እንቅልፉ ጠየቅኩት፤ ደህና ነው አለ። ስለ መጠጡ አልጠየቅኩትም፤ እዚያ ማን ይሰጠዋል? ከዚያ ድምፁ ነቃ አለና «አባዬ፣ ዘበኛው በሩ ላይ ነው?» አለኝ። «በሩ ላይ ነው» አልኩት። እውነቴን ነበር፤ እያየሁት ነበር የማወራው።

ዘበኛው ዓሣ ነው። ልጁ ሳሎናችን ውስጥ ባቆመው የጨው ውሃ ገንዳ ይኖራል። ከትንሿ ጣቴ አይበልጥም፤ ዓይኑ ግን ፍጥጥ ያለ ነው። ትልቁ ድንጋይ ላይ አንዲት ቀዳዳ አለችው፤ ቀኑን ሙሉ ከእሷ ጭንቅላቱን ብቻ አውጥቶ አላፊ አግዳሚውን ሲያይ ይውላል። ሌሎቹ ሁለቱ ብርቱካናማ ናቸው፤ ስለማይነጣጠሉ ሙሽሮቹ እንላቸዋለን። የቀረው ኮራል ነው፤ ሲያዩት ድንጋይ ወይም አበባ ይመስላል፣ ግን ነፍስ አለው። እኔ መጀመሪያ ፕላስቲክ መስሎኝ አቧራውን ልጥረግለት ስል ልጁ እንባው እስኪመጣ ሳቀብኝ።

ገንዳውን የሠራው በደህናው ዓመት ነው። ያን ዓመት ሙሉ አልጠጣም። ከሥራ መጥቶ ጨው ይመዝናል፣ ውሃ ይለካል፣ ድንጋይ አንስቶ ይጥላል፣ እንደገና ያነሳል። ከዚያ የሆነው ሆነ። አሁን ጠባቂው እኔ ነኝ። ሲመለስ ሁሉንም እንደተወው ካገኘው በእግሩ ይቆማል፤ መጠጡንም ያቆማል። ይህን ለማንም አልተናገርኩም፤ ለባለቤቴም ጭምር። ግን እንደዚያ ብዬ አምኛለሁ። ስለዚህ እዚያ ገንዳ ውስጥ ማንም አይሞትም።

ጥቅምት 7፣ ሐሙስ

ዛሬ አንድ ቁም ነገር ሠራሁ። ገንዳው ጭር ብሎብኝ ነበር፤ ለዚያ ሁሉ ውሃ ሦስት ዓሣ! ከሥራ ስወጣ ልጁ የሚገዛበት የጌጥ ዓሣ ሱቅ ገባሁ። ሻጩ ወጣት ነው፤ አፉ አያርፍም። የእያንዳንዱን ጠባይ ሲተነትን ጆሮዬ አንድ ነገር ብቻ ያዘ። «ይኼኛው ጋሼ፣ ይኼኛው አይሞትም። ውሃው ቢበላሽ አይሞትም፣ ቢረሱት አይሞትም፣ አይሞትም በቃ!» ሌላም ነገር እየጨመረ ነበር። እኔ ግን እጄ ኪሴ ገብቷል።

ሰማያዊ ነው፤ ጅራቱ ቢጫ። እንዲህ ያለ ሰማያዊ በመኪና ቀለም እንኳ አላየሁም።

«ልጁን ጠይቀኸዋል?» አለች ባለቤቴ።

«ሲመጣ ድንገት አይቶት ደስ ይበለው ብዬ ነው።»

«እሱ ድንገት አይወድም» አለችና ሽንኩርቷን መክተፍ ቀጠለች። የዚች ሴትዮ ነገር! አንድ ቀን እንኳ እሰይ ብትለኝ ምን አለበት?

ጥቅምት 9፣ ቅዳሜ

ልወጣ ስል። የሙሽሪት ክንፍ ተቀዷል። አዲሱ ነው። ያለ ፍሬቻ ይገባል፣ ይገጫል፣ ዞር ብሎም አያይ። ይለምዳል። መልመድ አለበት።

ማታ። አልለመደም። ታክሲው ብዬዋለሁ። ሙሽሮቹ የገንዳው ማሞቂያ ጀርባ ተጣብቀው ዋሉ። ዘበኛው ጭራሽ ብቅ አላለም። ምግብ ስበትን ሁሉን እሱ ይለቅመዋል። ዛሬ ብቻ ሆዱ ያደገ መሰለኝ።

ጥቅምት 10፣ እሑድ

«ዘበኛው በሩ ላይ ነው?»

«በሩ ላይ ነው።»

ባለቤቴ ስልኩን ተቀብላ ስለምትሠራለት ሹራብ አወራችው። ከዘጋች በኋላ ዓይን ዓይኔን አየችኝ። «ለምን አልነገርከውም?»

«ምን ልበለው? ያለህን ነገር ላበላሽብህ ነው ልበለው? እዚያ ተቀምጦ ምን ሊያደርግ? አማካሪዋስ አታስጨንቁት ብላ የለ?»

«አማካሪዋ አትዋሹት ነው ያለችው።»

ሁለታችንም አንድ ክፍል ውስጥ፣ አንድ ሶፋ ላይ ነበርን። እኔ የሰማሁት አታስጨንቁት ያለችውን ነው።

ጥቅምት 13፣ ረቡዕ

ሁለት መረብ ገዛሁ። አንዱን በግራ፣ አንዱን በቀኝ አስገብቼ ላፋጥጠው ነበር። ታክሲው መሀል ድንጋይ ውስጥ ግብት አለና አፉን እየከፈተ እየዘጋ አየኝ። ቢናገር ምን እንደሚለኝ አውቃለሁ። እኔም መልሼለታለሁ፤ ባለቤቴ «ጎረቤት ይሰማል» አለችኝ። አንድ የኮራል ቅርንጫፍ ሰበርኩ። ቁራጩን ዘወር አድርጌ ድንጋይ ሥር ሸጎጥኩት፤ አይታይም።

አዲስ ተማሪ አለችኝ፤ ልብስ ሰፊ ናት። እግሯ የስፌት መኪና ፔዳል የለመደ ነው፤ አንዴ ከረገጠች እስከ ታች ነው። እሷ ነዳጅ ስትሰጥ እኔ ፍሬን እይዛለሁ። በማስተማሪያ መኪና በእኔ በኩልም ፍሬን አለ፤ ተማሪዎቹ ከኋላዬ ጋሽ ፍሬን የሚሉኝም ለዚህ ነው። ይበሉ። በእኔ እጅ አንድ ሰው እንኳ ተጋጭቶ አያውቅም።

ጥቅምት 15፣ ዓርብ

የታችኛዋ ጎረቤት ደረጃ ላይ ያዘችኝ። «ልጅዎ ሥልጠናው አላለቀለትም እንዴ?»

«ሊያልቅ ነው።»

«ጎበዝ ልጅ እኮ ነው።»

«ጎበዝ ነው» አልኩና ወጣሁ። ሥልጠና ሄደ ያልኩት እኔ ነኝ፤ ባለቤቴ እስከ ዛሬ ለማንም እንዲህ አላለችም፤ ሲጠይቋት ዝም ነው የምትለው። ጎረቤቲቱ በሯን ሳትዘጋ ለእህቷ «ምስኪን ሰውዬ!» ስትል ሰማሁ። ማንን እንደሆነ አላውቅም።

ጥቅምት 17፣ እሑድ

ትናንት ሱቁ ሄጄ ታክሲውን መልሰህ ውሰድልኝ ብለው ሻጩ አልቀበልም አለ። «ጋሼ፣ የገባበትን ሁሉ ነው የሚያምሰው። ያን ዕለት ነግሬዎታለሁ እኮ! እኔም እኮ ሸጬው የተገላገልኩት ነው። ድንጋዩን ሁሉ ካላወጡ ደግሞ አይያዝም።»

ስለዚህ ዛሬ በስልክ ልጁን በዘዴ ጠየቅኩት። «ድንጋዮቹን እንዴት አድርገህ ነው የደረደርካቸው?»

«ለምን ጠየቅከኝ?»

«እንዲያው ሳያቸው። የሰለጠነ እጅ ነው ብዬ።»

«ሙጫ የለውም። አንዱ አንዱን ይዞ ነው የቆመው። አትንካው እሺ አባዬ? አንዱ ከተነሳ ሁሉም ነው የሚወርደው።»

«አልነካውም።»

«ዘበኛው በሩ ላይ ነው?»

«በሩ ላይ ነው።»

እውነት ለመናገር፣ ዛሬ ጠዋት አንድ ጊዜ ብቅ ሲል አይቼዋለሁ። ስለዚህ ውሸት አይባልም።

ጥቅምት 20፣ ረቡዕ

ወጥመድ ሠራሁ። የፕላስቲክ ጠርሙስ አፉን ቆርጠህ ትገለብጥና ወደ ውስጥ ትከተዋለህ፤ ምግብ ታስቀምጥበታለህ፤ የገባ አይወጣም። ሻጩ ነው ያሳየኝ። ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ። መጀመሪያ ሙሽሪት ገባች። አወጣኋት። ከዚያ ሙሽራው ገባ። አወጣሁት። ከዚያ ደግሞ ሁለቱም ገቡ። ታክሲው ውጭ ሆኖ በመስታወት እንደሚያይ ሰው ቆሞ ያያቸዋል። ባለቤቴ የልጁን ቡናማ ሹራብ ትሠራ ነበር፤ መርፌውን አቁማ ሳቋን አፈነች። እኔም ሊያስቀኝ ነበር፤ ግን ሙሽሪት ስትዋኝ ወደ አንድ ጎን ጋደል ማለት ጀምራለች።

ጥቅምት 22፣ ዓርብ

መንጠቆ ገዝቼ ነበር፤ የመጨረሻ ትንሹን። ባለቤቴ ከኪሴ አገኘችው። «ልጄ ባሳደገው ውሃ ውስጥ መንጠቆ?» አለች። ጣልኩት። ቆሻሻ ውስጥ እንዳይወጋት በወረቀት ጠቅልዬ ነው የጣልኩት።

ጥቅምት 23፣ ቅዳሜ

ልብስ ሰፊዋ ተፈተነች። ወደቀች። የፈተናው መኪና ላይ በእኔ በኩል ያለው ፍሬን የለም። ማቆሚያው ላይ ስትደርስ እግሯን ከነዳጁ አንስታ ዝም ብላ ጠበቀች፤ መኪናው ሄዶ ኮኑን ጨፈለቀው። ፍሬን መያዝ እንዳለባት ጭራሽ ትዝ አላላትም።

ልትቆጣ ነው ብዬ ስፈራ ረጋ ብላ ነው የነገረችኝ። «ጋሼ፣ እርስዎ ፍሬን ሲረግጡ እግሬ ሥር ይሰማኛል። እስከ ዛሬ እኔ ነድቼ አላውቅም፤ የነዱት እርስዎ ነዎት።»

«እንዳትጋጪ ብዬ ነዋ!» አልኳት።

«አውቃለሁ» አለች። ደሜ ፈላ። ተማሪ ሲወድቅ መቼም አስተማሪ ላይ ነው።

ጥቅምት 24፣ እሑድ

«በሩ ላይ ነው?» «በሩ ላይ ነው።» ሌላ ወሬ አልነበረንም።

ጥቅምት 30፣ ቅዳሜ

ዛሬ ማገገሚያው የቤተሰብ ቀን ነበር። ልሄድ ለብሼ ነበር፤ ጫማዬንም ጠርጌ ነበር። ጠዋት ገንዳውን ሳየው ውሃው ደፍርሷል። ነጭ፣ እንደ ሩዝ እጣቢ። እንዲህ ሆኖ እንዴት ትቼው ልሂድ? ባለቤቴ በሩ ላይ ቆማ ጠበቀችኝ። «ትመጣለህ አትመጣም?» አለችኝ።

«ውሃውን እያየሽው!»

«ውሃውን አየሁት» አለችና ብቻዋን ሄደች።

ቀኑን ሙሉ ውሃ ስቀይር ዋልኩ። ከሰዓት ጠራ። ማታ ስትመለስ ጠርቶልሻል ብዬ ላሳያት ስነሳ ኮቷን ሳታወልቅ ተቀመጠች። ቤተሰቦች ክብ ሠርተው ተቀምጠው እንደነበር፣ እያንዳንዱ እንደተናገረ ነገረችኝ። ልጁ ሁለት ወንበር ይዞ ነበር። የእኔን ወንበር ሌላ ሰው ሊወስድ ሲል «ሰው አለው፣ እየመጣ ነው» አለው፤ እስኪያልቅ ድረስ ባዶውን ያዘው።

ግን ውሃውን ማን ይቀይረው ነበር?

ኅዳር 1፣ እሑድ

ደወለ። ለምን አልመጣህም አላለኝም። ስለ ዘበኛውም አልጠየቀኝም። በሚቀጥሉት ሳምንታት ሊለቁኝ ነው አለ። «እሰይ!» አልኩ፤ ጮክ ብዬ መሰለኝ፣ ባለቤቴ ከኩሽና ሮጣ መጣች።

ከዘጋሁት በኋላ ነው የገባኝ። ሙሽሪት መብላት ካቆመች ሰንብታለች። ዘበኛው እየከሳ ነው። ልጁ ደግሞ እየመጣ ነው። ለባለቤቴ «ድንጋዩን ማውጣት አለብን» አልኳት። ትቆጣለች ብዬ ነበር። «እሺ» አለች፤ «ግን መጀመሪያ ንገረው።»

«ካወጣነው በኋላ እነግረዋለሁ።»

ኅዳር 7፣ ቅዳሜ

ተያዘ! ተያዘ! ተያዘ!

ከመጀመሪያው ልጻፈው። ሥራ ቀረሁ፤ ወገቤን አመመኝ ብዬ፤ ደግሞም አመመኝ። ቤት ውስጥ ያለውን ባልዲና ሳፋ ሁሉ ሰበሰብን፤ የልብስ ማጠቢያውም አልቀረ። ድንጋዮቹን መልሼ እንድደረድራቸው በስልኬ ፎቶ አነሳሁ። በኋላ ስናየው መስታወቱ ላይ የወጣው የእኔ ፊት ነው፤ ባለቤቴ «ይኸው፣ ይህን መልሰህ ደርድር» አለችኝ።

ድንጋዮቹን አንድ በአንድ እያነሳሁ ስሰጣት ከገንዳው ውሃ በቀዳንባቸው ባልዲዎች ትከታለች። ልጁ እንዳለው አንዱን ሳነሳ ሌላው ወረደ። ኮራሎቹ በእጄ ላይ ሙልጭልጭ አሉ። መጨረሻ ላይ ትልቁ ቀረ፤ የዘበኛው ቤት። አንዱም ባልዲ አልበቃው አለ። ባለቤቴ ፎጣ አርጥባ መታጠቢያ ቤት ወለል ላይ አነጠፈች፤ እሱ ላይ አሳረፍነው።

«ዘበኛውስ?» አለች።

«ባልዲው ውስጥ ነው፤ አየሁት» አልኳት። አንድ ግራጫ ነገር ሸርተት ሲል አይቼ ነበር።

ታክሲው መደበቂያ አጣ። ባዶ ገንዳ ውስጥ ከጥግ ጥግ ይወነጨፋል። እኔ መረቤን ይዤ «ወደ አንቺ! ወደ አንቺ!» እያልኩ ስጮህ ባለቤቴ የሻይ ማጥለያውን ከኩሽና አምጥታ እጅጌዋን ሳትሰበስብ ውሃው ውስጥ ጥልቅ አደረገችና ታክሲውን አወጣችው። በሻይ ማጥለያ! ተያየን። ከዚያ ሳቅ መጣ። እርጥብ ምንጣፍ ላይ ተቀምጠን፣ እሷ ማጥለያውን ወደ ላይ ይዛ፣ እንደ ልጆች ተንከተከትን። ከስንት ጊዜ በኋላ እንደሆነ እንጃ።

እስኪመሽ ደረደርን። እንደ ልጁ አልሆነም፤ አንድ ሰካራም የገነባው አጥር ይመስላል። ይህን ቃል ለምን እንደጻፍኩ አላውቅም። ትልቁን ድንጋይ በመጨረሻ አምጥተን መሀል አስቀመጥነው። ሙሽሮቹ እየዞሩ ነው። ታክሲው ኩሽና ውስጥ ነጭ ባልዲ ውስጥ ነው፤ ትንሽ የአየር ፓምፕ ሰጥቼዋለሁ። ልገድለው አልቻልኩም። ባለቤቴም አልቻለችም።

ኅዳር 8፣ እሑድ

ዘበኛው አልወጣም። አኩርፏል። ቤትህን አፍርሰው ቢሠሩት አታኮርፍም?

«አባዬ፣ ዘበኛው በሩ ላይ ነው?» እንደገና ጠየቀ! ደስ አለኝ።

«በሩ ላይ ነው።»

ስለ ታክሲው ልነግረው ነበር። ግን ድምፁ ደህና ነበር፤ ምን ልቀስቅስበት?

ኅዳር 11፣ ረቡዕ

ባለቤቴ መታጠቢያ ቤቱን ስታጥብ አገኘችው። ከልብስ ቅርጫቱ ጀርባ፣ በሩ አጠገብ። ድንጋዩ ወለል ላይ ሲቀመጥ እሱ ውስጡ ነበር። ድንጋዩ ከውሃ ሲወጣ እሱ ከቤቱ አልወጣም፤ ያቺን ቀዳዳ ምሽግ አድርጎ ቀረ። ኋላ መድረቅ ሲጀምር ነው የወጣው። ፎጣውን አልፎ ወለሉን ተስቦ ሄዷል። ደርቋል፤ የወደቀ ቅጠል መስሏል። ዓይኑ ብቻ ነው ዓይን የሚመስለው።

ወረቀት ላይ አድርጋ ጠረጴዛው ላይ ፊቴ አስቀመጠችው።

«ባልዲው ውስጥ አየሁት ብለኸኝ ነበር» አለች።

አይቼ ነበር። ግራጫ ነገር አይቼ ነበር። ምናልባት የድንጋይ ፍቅፋቂ ይሆናል። እኔ ምን አውቃለሁ? ስስቅ፣ ሳስቃት፣ ማጥለያ ይዘን ስንንከተከት፣ እሱ በሩ አጠገብ ወለሉን እየተሳበ ነበር። እዚያው ቤት ውስጥ። አንድ ጊዜ ተነስቼ ባየው ኖሮ! አንድ ጊዜ ብቻ!

ኅዳር 15፣ እሑድ

ቅዳሜ ይመጣል። ራሱ ነገረኝ።

«ዘበኛው በሩ ላይ ነው?»

ባለቤቴ መርፌዋን አስቀምጣ ተነሳች። ክፍሉን ለቃ ወጣች። በሩን ቀስ ብላ ዘጋችው፤ ብታላትመው ይሻለኝ ነበር።

«በሩ ላይ ነው» አልኩት።

ኅዳር 17፣ ማክሰኞ

ሻጩ ጋ አንድ ተመሳሳይ አለ። ትንሽ ይሰፋል፤ አንገቱ ላይ ነጭ ነጥብ አለው። ማን ያያል? ገዛሁት። ባለቤቴ ከረጢቱን ተንጠልጥሎ ስታይ «ለዓሣው ስሙንስ ነግረኸዋል?» አለችኝ። ከዚያ ራት ሳትበላ ተኛች።

አዲሱ ቀዳዳዋን አልፈለጋትም። አሸዋ ላይ፣ ከታች ተኝቶ ይውላል። በጣቴ እየገፋሁ ወደ ቀዳዳው ወሰድኩት፤ ወጣ። ወሰድኩት፤ ወጣ።

ኅዳር 18፣ ረቡዕ

ልብስ ሰፊዋ ድጋሚ ልትፈተን ስለሆነ ዛሬ ፍሬን አልነካም ብዬ ቃል ገብቼላት ነበር። እግሬን ከወንበሩ ሥር አጥፌ ተቀመጥኩ። የመጀመሪያው መታጠፊያ ላይ ረገጥኩት። ሁለተኛውም ላይ። ሳላስበው ነው፤ እግሬ እኔን አይጠይቅም። ከሰዓት ቢሮ ሄዳ ሌላ አስተማሪ ይቀየርልኝ አለች። «በጣም ጥሩ ሰው ናቸው» ብላለች ጸሐፊዋ እንደነገረችኝ። ጥሩ ሰው ናቸው!

ኅዳር 21፣ ቅዳሜ

መጣ! ወፍሯል። ፀጉሩን ተቆርጧል። እናቱን አቅፎ ቆየ፤ እኔንም አቀፈኝ፤ ሳሙና ሳሙና ይሸታል። ሻንጣውን ሳያስቀምጥ ገንዳው ጋ ሄዶ ቁጢጥ አለ። እኔ ከኋላው ቆሜ ነበር። ድንጋዮቹን አየ። ሙሽሮቹን አየ። አሸዋው ላይ የተኛውን አየ። ብዙ ቆየ።

«ድንጋዩ ትንሽ ተናግቶ ነበር፤ አስተካከልኩት» አልኩ።

«አይ፣ ጥሩ ነው» አለ። «ዘበኛውም አለ።» ዞሮ ፈገግ አለልኝ። «አደራህን ጠብቀሃል አባዬ።»

አላወቀም! ተመስገን! ኩሽና ሄጄ ለባለቤቴ «አላወቀም» ብዬ በጆሮዋ ነገርኳት። ጀርባዋን ሰጥታኝ ለታክሲው ምግብ እየበተነች ነበር። አልዞረችም። ትከሻዋ ሲንቀጠቀጥ አየሁ፤ የደስታ ነው ብዬ ትቻት ወጣሁ።

ኅዳር 22፣ እሑድ

እሑድ ከሰዓት ነው፤ ስልክ የለም፤ ልጁ እቤት ነው። ይህን ብዬ ልጽፍ ነበር ደብተሩን ያወጣሁት።

አሁን ወጣ። ጃኬቱን ሲለብስ «ወዴት ነው?» አልኩት።

«እግሬን ላፍታታ። መጣሁ።»

«ደህና ነህ?»

«ደህና ነኝ አባዬ። ምንም የለም።»

በሩ ሲዘጋ ባለቤቴ ከሶፋው ሳትነሳ ተናገረች። «ያውቃል። ትናንት አንተ ሱቅ ስትወርድ ጠየቀኝ፤ ነገርኩት። ሁሉንም።»

«ምን አለ?» አልኳት።

«አለቀሰ። ከዚያ ለአባዬ እንዳወቅኩ እንዳትነግሪው፣ ያዝንብኛል አለኝ። እሺ አላልኩትም። እኔ ለአንዳችሁም አልዋሽም።»

ደህና ነኝ፣ ምንም የለም። ያንን ድምፅ የት ነው የማውቀው እያልኩ ነበር፤ ለስለስ ያለ፣ ሰው እንዳይደነግጥ ተብሎ የሚወጣ ድምፅ። በፊት ሲጠጣም በእሱ ነው «አልጠጣሁም» የሚለኝ። ከማን ወሰደው ብዬ ጠይቄ አላውቅም ነበር። የእኔ ነው። «በሩ ላይ ነው» የምልበት ድምፅ ነው።

ሮጬ ልከተለው ነበር። ምን ልለው? መስኮቱ ጋ ሄድኩ። መንገዱን ተሻግሮ ጥጉ ላይ ደርሷል። ከዚያ በቀኝ መናፈሻው ነው፣ በግራ መጠጥ ቤቶቹ ናቸው። እጁን ጃኬቱ ኪስ ከቶ ቆመ። ቀኝ እግሬ ምንጣፉን እስከ ታች ረግጦ ይዟል። ባለቤቴ እግሬን አየች። ኩሽና ውስጥ የባልዲው ፓምፕ ይንሿሿል።

አውቶቡስ መጥቶ ከፊቱ ቆመና ከለለኝ። ሲነሳ ጥጉ ላይ ማንም አልነበረም።

ይኸው እየጻፍኩ ነው። እግሬን እስካሁን አላነሳሁም።